ሙሽራውን በር ላይ የሚያስቀሩ ሚዜዎች

የኦሜፕራዞል ካፕሱል ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኛ እንንገራችሁ። ውስጡ ያለው ዱቄት አይደለም። ጤፍ የሚያካክሉ፣ ቢበዛ ሰናፍጭ የሚያህሉ ነጫጭ ድቡልቡል ፍሬዎች ናቸው። መዳፋችሁ ላይ ስታፈስሷቸው ይንከባለላሉ፤ አንዷ ካመለጠች ምንጣፍ ስር ገብታ እዚያው ትቀራለች። በዚህ ከተማ ኦሜፕራዞልን የማያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ቁርሳችን ማኪያቶ፣ ምሳችን ሽሮ፣ እራታችን «ነገ እበላለሁ» የሆነብን ትውልድ ነን፤ ጨጓራችን አቤቱታውን የጀመረው ገና በሃያዎቹ ዕድሜያችን ነው።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ እነዚህ ፍሬዎች ነው። «ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ኪኒን ትጽፋላችሁ?» የምትሉ ወዳጆቻችን ትንሽ ታገሱን። ነገሩ እስከ መጨረሻው ሲሰማ ከኪኒንም ያልፋል።

እንዴት ገባንበት መሰላችሁ… ሦስት ሴቶች ሆነን አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሁለታችን ጋዜጠኝነት ያጠናን ነን። ሦስተኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ የማስተርስ ጥናቷንም የሠራችው በእነዚሁ ፍሬዎች ላይ ነው። በሙያው ቋንቋ «ፔሌት» ይባላሉ። ጥናቷ እስኪያልቅ ድረስ የቤታችን የእራት ወሬ ፔሌት ብቻ ሆኖ ነበር። በሩን ከፍታ ስትገባ «እሺ፣ ዛሬስ ለቀቀ?» እንላታለን። «አለቀቀም» ትላለች፤ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ትወረውረዋለች። ጎረቤት ቢሰማን ስለ አንድ ሙጭጭ ያለ የቀድሞ ፍቅረኛ የምንማከር ይመስለው ነበር።

አልለቅም ያለው ግን ፔሌቱ ነበር። መድኃኒቱን እቅፍ አድርጎ ይዞ አላስወጣም አለ።

91.5 በመቶው ምንድን ነው?

ካፕሱሉ ላይ የተጻፈው «ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም» ነው። ፋብሪካዎች በብዛት የሚገዙት የኦሜፕራዞል ፔሌት ደግሞ «8.5 በመቶ» የሚባለው ነው። ከ100 ግራም ፍሬ ውስጥ መድኃኒቱ 8.5 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ግራም መድኃኒት ለማድረስ ካፕሱሉ ውስጥ 235 ሚሊ ግራም ያህል ፍሬ መግባት አለበት። ቀሪው 91.5 በመቶስ? ስኳር፣ ስታርች፣ ከእንጨት የተገኘ ሴሉሎስ፣ የጨው ዓይነት፣ ቀጭን ልባስ… እነዚህ በአንድ ላይ «ኤክሲፒየንት» ይባላሉ። መድኃኒቱ ማሸጊያ ውስጥ ታጥፎ የሚገኘውን ወረቀት ብትዘረጉት መጨረሻው አካባቢ በደቃቅ ፊደል ተደርድረዋል። አንዳንዱ ወረቀት «ኢንአክቲቭ» ይላቸዋል፤ ሥራ ፈት እንደማለት።

እኛ ቤት ግን ሌላ ስም ወጣላቸው፦ ሚዜ። መድኃኒቱ ሙሽራው ነው። ሠርጉ የእሱ ነው፣ ስሙም የሚጠራው የእሱ ነው። ግን እስቲ ሙሽራ ብቻውን ሠርግ ቤት ሲደርስ አስቡት። የሙሽሪት ወገኖች በሩን ዘግተው ሲከራከሩ ማን ይመልስላቸዋል? ማን አጅቦ ያስገባዋል? ልብሱ ቢቆሽሽ ማን ያስተካክልለታል? ሚዜው ቀድሞ ቢሄድ፣ ቢዘገይ፣ ወይም ሙሽራውን መኪና ውስጥ ቆልፎበት ቢቀር ሠርጉ ተበላሸ። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በሽታውን ሊያድን የሚችል ንጥረ ነገር በተገቢው መጠን ካፕሱሉ ውስጥ ኖሮ፣ በሽተኛው ሳያጓድል ውጦት፣ መድኃኒቱ ከፍሬው ሳይወጣ በአንጀት አልፎ ሊሄድ ይችላል። በሽተኛዋም «ይኼ መድኃኒት አልያዘኝም» ትላለች፤ ሐኪሙም ሌላ ያዝላታል።

ከከረሜላ የተወሰደ ሐሳብ

ለመሆኑ መድኃኒትን በትንንሽ ፍሬ መሥራት ለምን አስፈለገ? መልሱ ጣፋጭ ነው፤ ኬክ ላይ የሚነሰነሱትን ባለቀለም የስኳር ጠጠሮች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐሳቡን ያገኘው ከእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 «ስፓንሱል» የሚል ካፕሱል ለገበያ አቀረበ። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፍሬዎች ነበሩ። የአንዳንዶቹ ልባስ ስስ፣ የሌሎቹ ወፍራም ነው። ስሱ ቶሎ ይሟሟል፣ ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት የተዋጠ አንድ ካፕሱል ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ መድኃኒት ይለቃል።

ፔሌት ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ትልቅ ኪኒን ልባሱ ከተሰነጠቀ ሙሉው መጠን ባንዴ ይፈስሳል ወይም ባንዴ ይበላሻል። መድኃኒቱ ለመቶ ፍሬ ሲከፋፈል ግን አንዷ ብትሰነጠቅ የሚጎዳው አንድ መቶኛው ብቻ ነው። ደግሞ ትልቅ ኪኒን በምግብ ከተሞላ ጨጓራ ለመውጣት ሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል፤ ጥቃቅኖቹ ከምግቡ ጋር ተቀላቅለው በጠባቡ በር ሹልክ ይላሉ። አንጀት ላይ ተበታትነው ስለሚያርፉም አንድ ቦታ ተከማችተው አያቆስሉም።

በሶ ጭብጦ የሠራ ሰው ይገባዋል

አሠራሩን ጓደኛችን ስታስረዳን ኩሽና ገብታ በሶ አወጣች። (እውነትም አስተማሪ መሆን ነበረባት።) በሶው ላይ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረገች አሸችው። ውኃው ሲያንስ ይበተናል፤ ሲበዛ ይለጠፋል፤ መሃል ላይ ግን አንድ ልክ አለ፤ እዚያ ላይ ሲደርስ በእጅ ጭብጥ ሲያደርጉት ቅርጹን ይይዛል። ፔሌትም እንደዚያ ነው። መድኃኒቱና ሚዜዎቹ በውኃ ይለወሳሉ። ሊጡ ሥጋ መፍጫ በመሰለ ማሽን ቀዳዳዎች ተገፍቶ እንደ ፓስታ ይወጣል። ከዚያ ወለሉ ጥርብ የሆነ፣ በፍጥነት የሚሽከረከር ሳህን ላይ ይጣላል፤ ክሮቹ ይቆራረጡና እየተንከባለሉ ይድቦለቦላሉ። ይህን የሚሽከረከር ማሽን እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋወቀው ናካሃራ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ «ማሩሜራይዘር» ተባለ። «ማሩ» በጃፓንኛ ክብ ማለት ነው።

አሁን ጥያቄው ይመጣል፤ በሶው ማን ይሁን? ውኃ ይዞ የሚቆይ፣ ሲገፋ የሚወጣ፣ ሲሽከረከር የሚድቦለቦል ነገር ያስፈልጋል። ስኳር ብቻውን ቢሆን ይሟሟል፤ ኖራ መሰል ዱቄት ብቻውን ቢሆን ይበተናል። ለብዙ ዘመን የዓለም ፋብሪካዎች ምርጫ «ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ» የሚባል ከእንጨት የሚገኝ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቆይቷል። ውኃን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፣ ሲጫኑት ትንሽ ይለቅና ሊጡን ያንሸራትታል፣ ሲለቁት መልሶ ይይዛል። ውኃ ብታበዙበትም ብታሳንሱበትም ብዙ አይቀየምም። ፍሬው ክብ፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። ጓደኛችን የጀመረችው በእሱ ነበር። ያልጀመረ ፋርማሲስት የለም ማለት ይቻላል።

አልለቅም ያለው

ችግሩ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። ሴሉሎሱ ውኃውን ሲያጣ ይኮማተርና ይጠብቃል። በሶ ጭብጦ ረስታችሁ ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጡ የሚሆነውን አስቡ፤ ድንጋይ! የሴሉሎስ ፔሌት ውኃ ውስጥ ሲገባ አይፈርስም። ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። መድኃኒቱ መውጣት የሚችለው ውኃ በጠባብ ቀዳዳዎች ገብቶ፣ አሟሙቶት፣ በመጣበት መንገድ ይዞት ሲመለስ ነው። መድኃኒቱ በውኃ ቶሎ የሚሟሟ ከሆነ ችግር የለም። በውኃ በግድ የሚሟሟ ሲሆን ግን (የዘመናችን መድኃኒቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) ፍሬው ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ይህን የሚለኩበት ዕቃ አለ። 900 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የሚይዝ የብርጭቆ ዕቃ፣ ሙቀቱ እንደ ሰውነታችን 37 ዲግሪ፣ መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር መቅዘፊያ። በየተወሰነው ደቂቃ ትንሽ ፈሳሽ ይቀዳና ስንት መድኃኒት እንደወጣ ይለካል። ጓደኛችን ከዚህ ሰው ሠራሽ ሆድ ፊት ለፊት ተቀምጣ ያሳለፈቻቸው ቀናት ስንት እንደሆኑ እኛ አንቆጥርም። ሰዓቱ ያልቃል፣ ፍሬዎቹ ታች ተኝተዋል፣ ክብ እንደሆኑ፣ እያበሩ። «ቁንጅናቸው አናደደኝ» አለችን አንድ ማታ። የጥናት ገንዘቡ እያለቀ ነበር፣ የማስረከቢያ ቀኑም እየደረሰ። በዚያ ሳምንት እራት ላይ «ለቀቀ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሚዜ መምረጥ

እንግዲህ አማራጮቿን እንንገራችሁ፤ እያንዳንዱ ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው ዘዴ ቀዳዳ መክፈት ነው። ከሴሉሎሱ ላይ ቀንሶ በውኃ የሚሟሟ ነገር መጨመር፤ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ወይም ማኒቶል። ፍሬው ውኃ ሲነካው ስኳሩ ሟሙቶ ይወጣና ባዶ ቦታውን ይተዋል። የእንጀራ ዓይን በሉት። በዓይኖቹ ውኃ ይገባል፣ መድኃኒት ይወጣል። ግን ስኳሩ ሲበዛ ሊጡ ጠባዩ ይበላሻል፤ ፍሬው መድቦልቦል ትቶ ዱላ ዱላ ይሆናል። ላክቶስ ደግሞ ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ሲቆይ እየተብላላ ቡናማ ያደርጋቸዋል፤ ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ የሚጠቁርበት ዓይነት ለውጥ ነው። ማኒቶል ይህ ጠባይ የለውም።

ሁለተኛው ዘዴ አፍራሽ መጨመር ነው። ክሮስካርሜሎስ፣ ክሮስፖቪዶን የሚባሉ፣ ውኃ ሲነካቸው አብጠው ወይም ተዘርግተው ኪኒንን የሚበታትኑ ዱቄቶች አሉ። ተራ ኪኒን ውስጥ ተአምር ይሠራሉ። በሴሉሎስ ፔሌት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አቅም ያንሳቸዋል። ለምን? ገና ሊጡ ሲለወስ ውኃ ጠጥተው አብጠው ጨርሰዋል፤ በዚያ ላይ ሴሉሎሱ ሲደርቅ ጨምድዶ ይዟቸዋል። ጓደኛችን ይህንንም ሞክራ ነበር። ፍሬዎቹ ቁንጅናቸውን አላጓደሉም።

ሦስተኛው ዘዴ የሚያረጥበውን ነገር መለወጥ ነው። በውኃ ፋንታ ውኃና አልኮል ቀላቅሎ መለወስ፤ እንዲህ የተሠራ ፍሬ ሲደርቅ ያን ያህል አይጠብቅም፣ ቀዳዳው ይበዛል፣ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። ወይም ውኃ የሚሸሸውን መድኃኒት ከውኃ የሚያስታርቅ ነገር ጠብ ማድረግ፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ አረፋ የሚሠራው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት አንዱ ነው።

አራተኛው ዘዴ ደፋሩ ነው፤ ዋናውን ሚዜ ራሱን ማባረር! በጀርመን የዱሴልዶርፍ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ክላይንቡደና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች በሴሉሎስ ፋንታ ከቀይ የባሕር አረም የሚገኘውን ካራጊናን ሞከሩ። አይስክሬምና የወተት ተዋጽኦዎች ውስጥ የሚገባው ያው ነው። ፍሬዎቹ እንደ ሴሉሎሱ ክብ ሆነው ወጡ፤ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ግን ፈረሱ። በግድ የሚሟሟ መድኃኒት እንኳ በፍጥነት ወጣ። ዋጋው? ፍሬዎቹ ከሴሉሎሱ ያነሰ ጥንካሬ አላቸው፣ ሊጡም ብዙ ውኃ ይጠጣል። ክሮስፖቪዶንም በደንብ ደቅቆ ከተፈጨ፣ በትንሹ የሚጨመር ረዳት መሆኑ ቀርቶ ራሱ ዋና በሶ መሆን እንደሚችል ሌሎች ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ጓደኛችን የሄደችው በዚህ በመጨረሻው መንገድ ነው። የሴሉሎሱን አብዛኛውን ድርሻ አውጥታ በደቃቁ ክሮስፖቪዶን ተካችው፣ ትንሽ ማኒቶል ጨመረችበት። ፍሬዎቹ እንደ ድሮዎቹ አያበሩም፤ ትንሽ ሻካራ፣ ትንሽ የተለያዩ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ደረሰን፦ «ለቀቀ!!!» ሦስት ቃለ አጋኖ። የዚያን ቀን ማታ ክትፎ በላን፤ ጨጓራችንን ሳናማክር።

መልቀቅ ብቻውን አይበቃም

አሁን «በቃ ቶሎ የሚፈርስ ሚዜ ይመረጥ» ልትሉ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንዳንዴ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው።

ቀስ ብሎ እንዲለቅ የሚፈለግ መድኃኒት አለ። ለዚያ ውኃ የማይሟሟውን ኢቲል ሴሉሎስ ፍሬው ላይ ማልበስ፤ ውስጡ በውኃ የሚሟሟ ሌላ ፖሊመር በልክ ጣል አድርጎ መውጫ ቀዳዳ መተው። የቀዳዳው መጠን ሰዓቱን ይወስናል። ወይም ሃይፕሮሜሎስ የሚባለውን መጠቀም፤ ይህኛው ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ መድኃኒቱም በዝልግልጉ ውስጥ እየተጎተተ ይወጣል።

ደግሞ «የት?» የሚል ጥያቄ አለ። ወደ ኦሜፕራዞላችን እንመለስ። ኦሜፕራዞል አሲድን የሚያስቀንስ መድኃኒት ሆኖ አሲድን ራሱን አይችለውም። (ምፀቱ ለልቦለድ ይበቃል።) ጨጓራ አሲድ ውስጥ ራቁቱን ቢገባ ግማሹ ለመበላሸት 10 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊድን ውስጥ «ሎሴክ» ተብሎ ለገበያ ሲቀርብ በፔሌት ሆኖ ነው የመጣው፤ ፍሬውም እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። መሃሉ ላይ መድኃኒቱ ከማኒቶልና አሲድን ከሚያረክስ የፎስፌት ጨው ጋር ተቀምጧል። ከውጭ ደግሞ አሲድ ውስጥ የማይሟሟ፣ አንጀት ላይ ሲደርስ ግን የሚሟሟ ልባስ አለ። ይህ የውጭ ልባስ ግን ራሱ አሲድነት ያለው ፖሊመር ነው፤ መድኃኒቱን ቢነካው ያበላሸዋል! ስለዚህ በሁለቱ መሃል የሃይፕሮሜሎስ ስስ ሽፋን ገላጋይ ሆኖ ገብቷል። አስቡት፤ ጤፍ የምታህል ፍሬ ውስጥ ጠባቂ አለ፣ ከጠባቂው የሚጠብቅ ሌላ ጠባቂም አለ።

የአንዷ ጓደኛችን እናት፣ እማማ ብለን የምንጠራቸው፣ ጨጓራቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ካፕሱል መዋጥ ያንቃቸዋል። ስለዚህ ካፕሱሉን ከፍተው፣ ፍሬዎቹን በትንሿ የነጭ ሽንኩርት ሙቀጫ ደቁሰው፣ ከማር ጋር ነበር የሚወስዱት። ሁለት ወር ሙሉ። «ልጆቼ፣ የዘንድሮ መድኃኒት አፈር ነው» ይሉናል። መድኃኒቱ አፈር አልነበረም። ሙቀጫው ግን ሁለቱንም ጠባቂዎች ገድሎ መድኃኒቱን ለአሲዱ አሳልፎ ሰጥቶታል። ፋርማሲስቷ ጓደኛችን አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እማማ፣ ፍሬዎቹን አይደቁሷቸው፤ አያኝኳቸውም» ብላ አስረዳቻቸው። ካፕሱሉ ከተከፈተም ፍሬዎቹን እንዳሉ በትንሽ ውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ፣ ሳይቆዩ መዋጥ፤ ወተት ግን አይሆንም፣ ወተት አሲድነቱ አነስተኛ ስለሆነ ልባሱን ሆድ ሳይደርስ ሊያሟሟው ይችላል። እማማ ትክ ብለው አይተዋት «ታዲያ ይኼን ለምን እስከዛሬ የነገረኝ ሰው የለም?» አሉ። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ሁለት ወር የሌሊት ሕመም ነው የሚያወሩት።

የአውስትራሊያው ትምህርት

ሚዜ መቀየር በሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ፔሌት አይደለም፣ ተራ ካፕሱል ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አውስትራሊያ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸውና ፌኒቶይን የሚወስዱ ሰዎች በድንገት መንገዳገድ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ምላስ መተሳሰር ያዛቸው። የመመረዝ ምልክት ነው። የሚወስዱት መጠን ግን አልተቀየረም። ሲጣራ አምራቹ የካፕሱሉን መሙያ ለውጦ ተገኘ፤ ካልሲየም ሰልፌት የነበረው በላክቶስ ተተክቷል። ካልሲየሙ ከመድኃኒቱ የተወሰነውን ይዞ እንዳይገባ ያደርግ ነበር፤ ላክቶስ ሲመጣ በሩ ወለል አለ፤ ሐኪሞቹ ሳያውቁ የበሽተኞቹ ደም ውስጥ የሚገባው መድኃኒት ጨመረ። «ሥራ ፈት» የተባለው ዱቄት ሰው ሆስፒታል አስገባ።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ቀላል ነው። የምትወስዱት መድኃኒት ፋብሪካው ሲቀየር፣ በተለይ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ከሆነ፣ «ያው ነው» ሲሏችሁ ያው መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ያው መሆኑ የሚረጋገጠው ግን በዚያ 37 ዲግሪ በሆነ ዕቃና በሰው ላይ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ በስሙ መመሳሰል አይደለም።

ቡላ እንደ ሚዜ

ስለ አገራችንም እናንሳ። እዚህ የሚሠሩ የመድኃኒት ፋብሪካዎች አሉን፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ምርቱን ለማሳደግ የ10 ዓመት ስትራቴጂ ይፋ ሆኖ ነበር። ፋብሪካ ሲመረቅ ካሜራ ይዘን የምንሄደው እኛ የምንጠይቀው «ስንት ዓይነት መድኃኒት ያመርታል? ስንት ሠራተኛ ይቀጥራል?» ነው። ሚዜዎቹ ከየት እንደሚመጡ የጠየቀ ዘገባ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ከውጭ ነው የሚመጡት፤ በዶላር። ዶላር ሲጠፋ ሙሽራው ተገኝቶ ሚዜ በማጣት ምርት ሊቆም ይችላል።

የሚገርመው ነገር ጥናቱ አገር ውስጥ መጀመሩ ነው፤ ያውም ዱሮ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ከእንሰት የተገኘ ስታርች ለኪኒን ማያያዣና ማፍረሻ ሆኖ እንደሚያገለግል አሳይተዋል። ከድንች ስታርች ጋር ሲወዳደር የእንሰቱ ይበልጥ ያያይዛል፣ የማፍረስ ኃይሉ ግን ያንሳል። ቡላ ገንፎ የበላ ሰው ይህን ለማመን ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ግን አያችሁት? እዚህም ያው ምርጫ ነው፤ አጥብቆ የሚይዝ በቀላሉ አይለቅም። የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚለቀቅ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ጎደሬውም፣ ቦዬውም፣ የወላይታ ድንቹም በተራቸው ተጠንተዋል። ከጥናት ወረቀት ወደ ፋብሪካ በር ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ጥራቱ በየከረጢቱ አንድ ዓይነት የሆነ ስታርች በቶን ማቅረብ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ይህን እንደ ቢዝነስ የምታስቡ አንባቢዎቻችን ካላችሁ፣ እነሆ ሐሳቡን በነፃ ሰጠናችሁ፤ ስትከብሩ አስታውሱን።

ጓደኛችን አሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ቃለ መጠይቅ በሄደችበት አንድ ቦታ «ጥናትሽ ስለ ምን መድኃኒት ነው?» ብለው ጠየቋት፤ «ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን አብሮት ስላለው ነገር ነው» ብትላቸው ፊታቸው ቀዘቀዘ። አልደወሉላትም። እኛ ግን ስለ እነዚህ ነገሮች ሰምተን እራት ከበላን በኋላ ፋርማሲ ስንገባ ጠባያችን ተቀይሯል። ወረቀቱን እንዘረጋለን፣ ደቃቁን ፊደል እናነባለን፣ «ይኼ ይደቆሳል? ይከፈታል? ከወተት ጋር ይሆናል?» እያልን ከመስኮቱ ኋላ ያለችውን ልጅ እናስቸግራለን። አንዳንዷ ትቆጣለች። አንዳንዷ ደግሞ ዓይኗ ይበራል፤ አምስት ዓመት የተማረችውን የሚጠይቃት ሰው በመጨረሻ መጣላታ!

እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ መሳቢያ ውስጥ ያለውን መድኃኒት አውጡና ወረቀቱን ዘርጉት። እናት፣ አያት፣ ትንሽ ወንድም ካፕሱል እየከፈተ ወይም ኪኒን እየሰበረ ይወስድ እንደሆነ ጠይቁ። ሙቀጫውን ለነጭ ሽንኩርቱ ተዉለት።

ቸር እንሰንብት።